የሾትገን ቾክ ምልክት አነባበብና የወረቀት ፍተሻ

ቾክ ማለት ሾትገን (ብዙ ትናንሽ ፍሬ የሚበትን ጠብመንጃ) አፈሙዙ ጫፍ ላይ ያለው ጥበት ነው። ከሁሉ በፊት ጥይቱን አውጡ፣ ከኋላ በኩል አይታችሁም ባዶ መሆኑን አረጋግጡ።

የጣልያንና የስፔን ሾትገኖች ቾክ ብዙ ጊዜ በኮከብ ይጻፋል። ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው፦ ኮከቡ ባነሰ ቁጥር አፈሙዙ ይጠባል። አንድ ኮከብ ፉል (ሙሉ ጥበት)፣ ሁለት ኮከብ ሦስት አራተኛ፣ ሦስት ግማሽ፣ አራት ሩብ ነው። በጥርስ እየተጠመዘዘ የሚገባ ቾክ ከሆነ ያንኑ ቁጥር ጫፉ ላይ በተቆረጡት ጭረቶች ትቆጥራላችሁ። የ12 ቁጥር አፈሙዝ ውስጡ 18.5 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ፉል መውጫው ላይ 1 ሚሊሜትር ያህል፣ ግማሽ 0.5፣ ሩብ 0.25 ይጠባል። አሮጌ መሣሪያ ላይ ግን ኮከቡን አትመኑ። ጥበቱ ያለው መጨረሻዎቹ ጥቂት ሴንቲሜትሮች ላይ ስለሆነ፣ ጫፉ ከተቆረጠ ቾኩ ይሄዳል፣ ኮከቡ ይቀራል።

ስለዚህ ወረቀት ይፍረድ። ድሬዳዋ ውስጥ የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት አይጠፋም፤ ከፍታችሁ በማጣበቅ 120 በ120 ሴንቲሜትር አድርጉት። የሚተኮሰው ፈቃድ ባለበት ቦታ፣ ከኋላው ከፍ ያለ የአፈር ግድግዳ ሲኖር ብቻ ነው። የደቻቱ ወንዝ ደረቅ ነው ብሎ አሸዋው ላይ መሞከር አይታሰብም፤ የሰው መተላለፊያ ነው። ጠዋት ይሻላል፣ ከሰዓት ነፋሱ ወረቀቱን ያርገበግበዋል። ጥይቱንም ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ አትተዉ፤ ባሩድ ሲሞቅ ግፊቱ ይጨምራል።

ርቀቱ 36.5 ሜትር ነው። ለእያንዳንዱ ወረቀት አንድ ጥይት፣ ቢያንስ 5 ወረቀት። ከዚያ 38 ሴንቲሜትር ሲባጎ በሚስማርና በእርሳስ መሃል ወጥራችሁ ክብ አዙሩ። ሚስማሩን ያነጣጠራችሁበት ነጥብ ላይ ሳይሆን ቀዳዳው በበዛበት መሃል ትከሉት፤ አለዚያ የትከሻችሁን ስህተት ለቾኩ ትሰጡታላችሁ። በክቡ ውስጥ ያሉትን ቀዳዳዎች እየቆጠራችሁ በቀለም ምልክት አድርጉ፣ ሁለቴ እንዳትቆጥሩ።

ባለ 2.5 ሚሊሜትር የእርሳስ ፍሬ ያለው የ32 ግራም ጥይት ወደ 350 ፍሬ ይይዛል። 210 ቀዳዳ ከተገኘ 60 በመቶ፣ ማለትም ግማሽ ቾክ ነው። ፉል 70፣ ሩብ 50፣ ጥበት የሌለው 40 ገደማ ይሰጣል። ሁለት አፈሙዝ ካለው ለየብቻ ፈትሹ። የጥይቱን ዓይነት ከቀየራችሁም እንደገና ነው፤ በአንዱ ጥይት 60 የሰጠ ቾክ በሌላው 70 ሊሰጥ ይችላል።

የብረት ፍሬ በፉል አትተኩሱ፣ እንደ እርሳስ አይጨመቅምና አፈሙዙን ሊያብጠው ይችላል። በጥርስ የሚገባውን ቾክ ደግሞ አውጥታችሁ ፈጽሞ አትተኩሱ፤ ጥርሱ ይበላሻል።