ባንዳ የሆንኩበት ባንድ፦ ወጣት ሙዚቀኞች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የመጀመሪያውን ባንዳችንን ስናቋቁም ሁላችንም ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች ነበርን። አምስት ልጆች ነን፦ ድራም፣ ሊድ ጊታር፣ ኪቦርድ፣ ድምፃዊ፣ እና ቤዝ ጊታር የያዝኩት እኔ። (ባንዳችን ስል የሙዚቃውን ማለቴ ነው። ሌላው ትርጉም ለማን እንደሚስማማ ወደ ታች ስትወርዱ ታገኙታላችሁ።) ሁለት ዓመት ከመንፈቅ አብረን ተጫወትን። ከዚያ በኋላ በብዙ ባንዶች ውስጥ አልፌያለሁ፤ ልሠራው የምችለውን ስህተት ሁሉ ግን እዚያው ሠርቼ ጨርሼዋለሁ፣ የኋላው ድግግሞሽ ነው። ዛሬ ልጆች ሲለማመዱ በር ላይ ቆሜ ባዳመጥኩ ቁጥር ያንኑ ጥፋት በዚያው ቅደም ተከተል ሲሠሩት እሰማለሁ።

ከዘፈኑ በፊት ስም ማውጣት

አንድ ዘፈን ከዳር ሳናደርስ ለስም ብቻ ሦስት ሳምንት ተከራክረናል። ሁለት ሰዎች ለጥቂት ቀን ተኳርፈዋል። የመረጥነውን ስም ዛሬ ስለማፍርበት አልናገረውም። መጀመሪያ አምስት ዘፈን ሳታቋርጡ ተጫወቱ፤ ስሙ ይደርሳል። ይህ ስህተት ከዚህ የበለጠ ቦታ አይገባውም።

ድምፅ ለመጨመር መሽቀዳደም

በልምምድ ክፍል ውስጥ ድምፁን የሚቀንስ ቁልፍ የሌለው መሣሪያ ድራም ነው። ጊታሩ ድራሙን አልፎ ለመሰማት ይጨምራል። ኪቦርዱ ጊታሩ ዋጠኝ ብሎ ይጨምራል። እኔ ቤዜን በሆዴ እንጂ በጆሮዬ አልሰማው ስል እጨምራለሁ። ድራመሩም ሁሉም ሲጮህበት ክንዱን ያጠነክራል፣ ዙሩም እንደ አዲስ ይጀመራል። የድምፃዊው ቁልፍ ጉሮሮው ብቻ ስለነበረ፣ ልምምድ ሲያልቅ የሚሰናበተን በእጅ ምልክት ነበር።

ቤት ስገባ ጆሮዬ እስከ እኩለ ሌሊት እንደ ፌንጣ ይጮህ ነበር። እኛ ግን ይህን የጥሩ ልምምድ ምልክት አድርገን እንቆጥረው ነበር፤ በማግስቱ ስንገናኝ የማን ጆሮ ረዘም ላለ ጊዜ እንደጮኸ እንፎካከራለን። ለሥራ ቦታ በሰፊው የሚመከረው የድምፅ ልክ 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ነው፤ ከዚያ በኋላ ድምፁ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። በ88 ዴሲቤል 4 ሰዓት፣ በ91 ዴሲቤል 2 ሰዓት እያለ ወርዶ 100 ላይ ሲደርስ 15 ደቂቃ ብቻ ይቀራል። ድራምና አምፕሊፋየር በጠባብ ክፍል ውስጥ 100 ዴሲቤል መድረስ አያቅታቸውም፤ እኛ ደግሞ ሦስት ሰዓት ሙሉ እንዘጋበት ነበር። በውስጠኛው ጆሮ ያሉት ድምፅ ተቀባይ ህዋሳት አንዴ ከሞቱ አይተኩም። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ወደ ሲምባሉ፣ ወደዚያ የድራሙ የብረት ሳህን፣ ዞሮ የኖረው ቀኝ ጆሮዬ ዛሬ ጫጫታ ባለበት ቦታ አያገለግለኝም፤ ሰው ሲያናግረኝ ግራዬን አዞራለሁ።

የሚያናድደው ነገር መፍትሔው ቀላል መሆኑ ነው። አምፕሊፋየሬ ወለል ላይ ተቀምጦ ባቴን ነበር የሚያናግረው፤ ጆሮዬ ከእሱ በላይ ከአንድ ሜትር ተኩል በማያንስ ከፍታ ላይ ነው። ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ አንጋፋ የድምፅ ባለሙያ ምንም ሳይናገር ሳጥኑን አንስቶ ወንበር ላይ አስቀመጠና ፊቱን ወደ ፊቴ ቀና አደረገው። ቁልፉን በግማሽ ቀነስኩት፤ ራሴን ከበፊቱ ይበልጥ አጥርቼ ሰማሁ። ሌላው ዘዴ ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ነው። መጀመሪያ ድምፃዊው ሳይጮህ፣ ማይክሮፎኑም ሳያፏጭ የሚሰማበትን ልክ ያዙ፤ ከዚያ ሌላው ሁሉ ከእሱ በታች ይግባ። የግጥሙ ቃላት ካልተሰሟችሁ ከመካከላችሁ አንዱ በዝቷል። የጆሮ መሰኪያም የሽማግሌ ዕቃ አይደለም።

ማይክሮፎኑን ማነቅ

ድምፃዊያችን ማይክሮፎኑን ይይዝ የነበረው ክብ ራሱን በመዳፉ አፍኖ ነው፤ እንዲህ ሲይዙት በፎቶግራፍ ላይ ያምራል። አብዛኛው የመድረክ ማይክሮፎን ከፊት የሚመጣውን ድምፅ እንዲቀበል፣ ከኋላው የሚመጣውን እንዲገፋ ተደርጎ የተሠራ ነው። ይህን የሚችለው ከወንፊቱ በስተኋላ በተተዉት ክፍተቶች በኩል በሚገባው ድምፅ አማካይነት ነው። መዳፍ ክፍተቶቹን ሲደፍናቸው ማይክሮፎኑ ከየአቅጣጫው መስማት ይጀምራል፤ ከስፒከር የወጣውን ይውጣል፣ ስፒከሩ መልሶ ያወጣዋል፣ ያ ጆሮ የሚበሳ ፉጨት ይከተላል። የእኛ ሰው ፉጨቱ ሲጀምር ሊያፍነው ብሎ ይበልጥ ይጨብጠው ነበር። እጀታውን ያዙ፤ ስፒከሩንም ከማይክሮፎኑ ጀርባ አድርጉት።

ለየራስ መቃኘት

ጊታሪስታችን ጊታሩን በጥሩ ሁኔታ ይቃኛል። እኔም ቤዜን በጥሩ ሁኔታ እቃኛለሁ። ሁለታችንም የምንቃኘው ግን ከራሳችን ጋር ነበር። ለሙዚቃ መሣሪያዎች መቃኛ ሆኖ በዓለም አቀፍ ደረጃ የተቀመጠው ድምፅ በሰከንድ 440 ጊዜ የሚርገበገበው ነው። አንዱ 440፣ ሌላው 442 ላይ ከሆነ፣ ሁለቱ አብረው ሲሰሙ ድምፁ በሰከንድ ሁለት ጊዜ ከፍ ዝቅ እያለ ይወዛወዛል። ይህን ውዝዋዜ መስማት ከቻላችሁ ግማሹን መንገድ ሄዳችኋል፤ ክሩን ቀስ እያላችሁ አጥብቁት፣ ውዝዋዜው እየዘገየ ሄዶ ሲጠፋ ደርሳችኋል። ኪቦርድ ካለ ሁሉም ከእሱ ጋር ይቃኝ፣ እሱ አይለወጥምና።

አይለወጥም ስል፣ ሰው ካልለወጠው። አንድ ጊዜ መድረክ ላይ የመጀመሪያውን ኮርድ ስንመታ ከአምስታችን የወጣውን ድምፅ ዛሬም አስታውሰዋለሁ፤ ሣጥን ሙሉ ሳህን ከደረጃ የወደቀ ነበር የሚመስለው። ኪቦርዲስቱ ቤቱ ሲለማመድ የቅኝት ማሸጋገሪያውን ቁልፍ በአንድ ግማሽ ድምፅ ከፍ አድርጎት ረስቶታል። ጊታሪስቱ ጊታሩን፣ እኔ ቤዜን እንመረምራለን፤ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ይጫወታል። አዲስ ክር በትርኢት ቀን አለመቀየርም እዚሁ ላይ ይግባ፤ አዲስ ክር ተስቦ እስኪረጋ ድረስ ይላላል፣ ዘፈን መሀል ላይ ይከዳችኋል።

ሁልጊዜ ከመጀመሪያው መጀመር

ስንሳሳት እናቆማለን፤ ‘እንደገና’ ይባላል፤ ከመጀመሪያው እንጀምራለን። በአንድ ምሽት መግቢያውን ሃያ ጊዜ፣ መዝጊያውን ሁለት ጊዜ እንጫወታለን። ውጤቱ መድረክ ላይ ታየ፦ ዘፈኖቻችን በሙሉ እንደ ንጉሥ ገብተው እንደ ሌባ ይወጡ ነበር። በመጀመሪያው ትርኢታችን የመጀመሪያው ዘፈን አራት ጊዜ አልቋል። ድራመሩ አቆመ፤ እኔ አንድ ዙር ጨምሬ አቆምኩ፤ ድምፃዊው አዝማቹን ደገመ፤ ጊታሪስቱ ብቻውን ቀርቶ ቀና ሲል ሁላችንም እናየዋለን። ተመልካቹ በየመሀሉ አጨበጨበ። እንዴት ያለ ደግ ሕዝብ ነው!

መዝጊያውን አስቀድማችሁ ተለማመዱ። ከስንኝ ወደ አዝማች የሚሻገርባቸውን አራት አራት ምቶች ብቻ ነጥላችሁ ደጋግሟቸው፤ ዘፈን የሚሰበረው እዚያ ነው። ማን ቆጥሮ እንደሚያስጀምር፣ ማን በዓይኑ ምልክት እንደሚዘጋ በስም ተነጋገሩ። የየራሳችሁን ክፍል ቤታችሁ አጥንታችሁ ኑ፤ የጋራ ልምምድ ጣት የሚፍታታበት ሰዓት አይደለም።

ዜማው የማን እንደሆነ ሳይነጋገሩ መቅረት

በጓደኛሞች መካከል ይህን ማንሳት ነውር ይመስላል። እኛም አላነሳነውም፤ እንደ ዕድል ሆኖ ዘፈኖቻችንን የፈለጋቸው ስላልነበረ አልተጣላንም። ፕሮኮል ሃረም የተባለው የእንግሊዝ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1967 ባወጣው ዝነኛ ዘፈን ላይ ያን ሁሉም የሚያውቀውን የኦርጋን ዜማ የተጫወተው ማቲው ፊሸር ነው። ስሙ ግን ከደራሲዎቹ ጋር አልሰፈረም። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ በብሪታንያ የሎርዶች ምክር ቤት የሕግ ዳኞች የመጨረሻ ውሳኔ ያገኘው በ2009 ነው፤ የድርሰቱ ተካፋይ መሆኑ ጸናለት። አርባ ሁለት ዓመት! አንድ ገጽ ወረቀት ላይ ግጥሙ የማን፣ ዜማው የማን፣ ቅንብሩ የማን እንደሆነ ጽፎ አምስቱም መፈረም አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ዘፈኑ ገና ሲወለድ አድርጉት፤ ከተወደደ በኋላ የሁሉም ትዝታ ለየራሱ ያደላል።

ጥፋተኛ ፈልጎ ማባረር

ዘፈኖቻችን ይጣደፋሉ። ረጋ ብለን ጀምረን ስንጨርስ የሚያሳድደን ያለ ይመስላል። ይህን የነገረን ሰው ብዙ ነው፤ እኛም ምክንያቱን ለማወቅ አንድ ቀን አልፈጀብንም። ምቱን የሚይዘው ድራመር ነው፣ ምቱ ከተበላሸ ያበላሸው ድራመሩ ነው። ሜልዘል የተባለው ሰው ሜትሮኖምን፣ ማለትም ምትን በእኩል ፍጥነት የሚቆጥረውን መሣሪያ፣ በስሙ ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1815 ነበር፤ ከእኛ መካከል አንዱም ሜትሮኖም ከፍቶ ራሱን አልፈተነም።

አንድ ሰፊ መድረክ ላይ ስንጫወት ደግሞ ጭራሽ ተበታተንን። እዚያም ተጠያቂው እሱ ሆነ። ዛሬ ሳስበው፣ ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ነው የሚጓዘው፤ ከድራሙ 10 ሜትር ርቆ ለቆመ ሰው እያንዳንዱ ምት ወደ 30 ሚሊሰከንድ ዘግይቶ ይደርሰዋል። ኮከብ ለመምሰል ወደ ጥግ ጥግ የሄድነው እኛ ነን። መድረኩ የቱንም ያህል ቢሰፋ እንደ ልምምድ ክፍሉ ተጠጋግቶ መቆም ነበረብን።

እሱ በሌለበት ተሰበሰብን፣ ወሰንን። ቢትልስ እ.ኤ.አ. በኦገስት 1962 ድራመራቸውን ፒት ቤስትን ሲያሰናብቱ መርዶውን የነገረው ሥራ አስኪያጃቸው ብራያን ኤፕስታይን ነው፤ ጓደኞቹ አልመጡም። እኛ ሥራ አስኪያጅ አልነበረንም። ቤቱ ለቤቴ ስለሚቀርብ ተላኪው እኔ ሆንኩ። አምፕሊፋየሬን በትከሻው ተሸክሞ ስንት ዳገት የወጣልኝ ልጅ ነው። ስደርስ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ የተሰነጠቀ ዱላውን በፕላስተር እየጠቀለለ ነበር። ነገርኩት። መጠቅለሉን አላቆመም። ዳር ድረስ ጨርሶ ትርፉን በጥርሱ ቆረጠና ‘እሺ’ አለኝ። ከዚያ ቦርሳዬ ውስጥ የቀረችውን የድራም ማጥበቂያ ቁልፍ እንድመልስለት ጠየቀኝ። አውጥቼ ሰጠሁት። እንግዲህ ባንዳው ይኸው ነው።

የተቀረጸውን የራስን ብቻ መርጦ መስማት

የአንድ ልምምዳችን ካሴት ነበረን። ያኔ ስንት ጊዜ እንደሰማነው አላስታውስም። ጊታሪስቱ ሶሎው እስኪደርስ ይጠብቃል፤ ድምፃዊው ከፍተኛውን ድምፅ መድረሱን ያያል፤ እኔ የቤዜን ውፍረት አደንቃለሁ። አምስት ሰው አንድ ካሴት ሰምቶ አምስት የተለያየ ነገር ይዞ ይነሳል።

ከጥቂት ጊዜ በፊት ድምፃዊያችን ቤት ሲቀይር ካሴቱን ከአንድ ሳጥን ውስጥ አግኝቶ አመጣልኝ። በሞባይሌ ሜትሮኖም ለካሁት። በደቂቃ 96 ምት ገደማ ተነስተን 112 ላይ እንጨርሳለን፤ መጣደፉስ እውነት ነው። ወደ አዝማቹ ልንገባ ስንል ግን ከድራሙ የሚቀድም ነገር አለ። ቤዙ ነው። እኔ እቀድማለሁ፤ ድራመሩ ሁለት ምት ያህል ወደ ኋላ ሊይዘኝ ይሞክራል፤ ከዚያ ተስፋ ቆርጦ ይከተለኛል። በሁለተኛው አዝማች እንደገና። በሦስተኛው እንደገና። ለይቶ ለመስማት የረዳኝ፣ በዚህ ዕድሜዬ የራሴ ቤዝ ስለማያስደንቀኝ የእሱን እግር ብቻ እየተከተልኩ ማዳመጤ ነው።

ለእናንተ ይህ ቀላል ነው። ስልካችሁን ከአምፕሊፋየር አርቃችሁ ክፍሉ መሀል አስቀምጡ፣ ሙሉውን ልምምድ ቅረጹ፣ በማግስቱ ስሙት። ሲሰሙ ጊታሪስቱ ቤዙን፣ ቤዙ ድራሙን፣ ድራመሩ ድምፃዊውን ይከተል፤ የራሳችሁ ተራ መጨረሻ ላይ ይምጣ።

ካሴቱን አስገልብጬ ለድራመሩ ላክሁለት፤ አዝማቾቹ የሚገኙበትን ደቂቃ ጽፌ፣ ከይቅርታ ጋር። ሦስት ቀን ዝም አለ። በአራተኛው ቀን ደወለ። ስለ ፍጥነቱ የሚለውን ለመስማት ትንፋሼን ይዤ ጠበቅኩ።

‘ከሁለተኛው ዘፈን በኋላ የሚያስለው ማነው?’ አለኝ።

ኪቦርዲስቱ ነው አልኩት። እሱ ድምፃዊው ነው ይላል። እስካሁን አልተስማማንም።