ምጣዱ እንጀራ አልለቅ ሲል

የኤሌክትሪክ ምጣዱ መሃሉ ላይ እንጀራ እየያዘ ሦስት ቀን ሊጥ አበላሸ። ሊጡን ማቅጠን አልረዳም፤ አብሲት መጨመርም እንዲሁ። ዘይት መቀባት ጭራሽ አባሰው፤ ተቃጥሎ ሙጫ ሆነ። ለካ ምጣዱ በሳሙና ታጥቦ ማሟሻው፣ ማለትም እንጀራ እንዳይዝ የሚያደርገው የቅባት ሽፋን፣ ለቆ ነበር።

መፍትሔ የሆነው ይኸው ነው፦ ሙጫውን በጨውና በደረቅ ጨርቅ ፈግፍጎ ማንሳት። ምጣዱን በደንብ አግሎ አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ጎመን ዘር መበተን፣ ጠቁሮ ጭሱ እስኪቀንስ ድረስ በጥጥ ማሰሻ ከመሃል ወደ ዳር ማሸት፣ ጠርጎ ሦስት ጊዜ መድገም። መስኮት ይከፈት፣ ጭሱ ያፍናል። የመጀመሪያዋ እንጀራ ጠርዟ ትንሽ ያዘ፤ ሁለተኛዋ ግን በሰፌዱ ሙልጭ ብላ ወጣች። ከዚያ ወዲህ በአንዱና በሚቀጥለው እንጀራ መካከል ከጎመን ዘሩ ቆንጠር አድርጎ ማሰስ ይበቃል። ሳሙና ግን በፍጹም አይንካው።