በትንሽ የጨው ውኃ አኳሪየም ውስጥ ዓሦች ሲጣሉ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በባሕር ውስጥ አንድ ዓሣ ሌላውን ሲያሳድድ ጠቡ የሚያበቃው ተሳዳጁ ከአሳዳጁ ክልል ሲወጣ ነው፤ ጥቂት ሜትር ርቆ ከሌላ ድንጋይ ሥር ከተጠለለ የሚከተለው የለም። በ80 ሊትር የመስታወት ገንዳ ውስጥ ግን መውጫ ስለሌለ አሳዳጁ ተሸናፊውን ከንጋት እስከ ምሽት ከፊቱ ያየዋል፤ ያንኑ ጠብም በየሰዓቱ ያድሰዋል። ጎንደር በሚገኘው መኖሪያ ቤቴ የጨው ውኃ አኳሪየም ከያዝኩ ወዲህ በዓሦቼ ላይ የደረሰው ጉዳት በአብዛኛው ይህን ጥበት ካለማሰብ የመጣ ነው።

ብዙ ዓሣ የሚያስጨርሰው የመጀመሪያው ስህተት በመሸጫው ገንዳ ውስጥ የታየውን ሰላም የዓሣው ጠባይ አድርጎ መውሰድ ነው። ዳምዝል የሚባሉት ትንንሽ ዓሦች በዋጋ ርካሽ፣ በጤናም ጠንካራ ስለሆኑ ጀማሪ ሁሉ ይገዛቸዋል። በሻጩ ገንዳ ውስጥ ብዙ ሆነው ተጨናንቀው ሲታዩ አንዱ በሌላው ላይ እምብዛም አይነሣም፤ ምክንያቱም በዚያ ብዛት መካከል አንድን ጥግ የራሴ ብሎ መከላከል ለማንም አይቻልም፣ ዕድሜያቸውም ገና ለጋ ነው። ከአዲስ አበባ አስልኬ አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ሄጄ የተቀበልኳቸው ሦስት ዳምዝሎች አንድ ወር ያህል ተስማምተው ቆዩ፤ በአራተኛው ወር የቀረው አንዱ ብቻ ነበር፤ እርሱም ከዚያ በኋላ የገባውን ዓሣ ሁሉ ማሳደድ ጀመረ። ስለዚህ ከግዢ በፊት መጠየቅ ያለበት ዓሣው ዛሬ ምን ያህል ያምራል የሚለው ሳይሆን፣ ሲያድግ ምን ያህል ቦታ ለብቻው ይጠብቃል የሚለው ነው። የማይሆን ዓሣ ከተገዛ በኋላ ወደ አንገረብ ወይም ወደ ጣና እለቀዋለሁ ብሎ ማሰብም ፈጽሞ አይገባም፤ የባሕር ዓሣ ጨው በሌለው ውኃ ውስጥ ተሠቃይቶ ይሞታል።

ሁለተኛው ስህተት የአገባብ ቅደም ተከተልን ማፋለስ ነው። ቀድሞ የገባ ዓሣ ገንዳውን በሙሉ የራሱ ርስት አድርጎ ስለሚቆጥረው፣ ጎቢንና ፋየርፊሽን የመሳሰሉት ዓይን አፋሮች ቀድመው ገብተው መጠለያ ሊይዙ ይገባል፤ ክልሉን አጥብቆ የሚጠብቀው ዓሣ መግባት ያለበት በመጨረሻ ነው። በክላውንፊሽ ላይ የሚታየው ስህተት ደግሞ ከዚህ ይለያል። ክላውንፊሽ ሁሉ ሕይወቱን የሚጀምረው በወንድነት ሲሆን፣ አብረው ከሚኖሩት መካከል ትልቁና የበላዩ ወደ ሴትነት ይለወጣል፤ በደረጃ የሚከተለው የእርሷ ተባዕት ይሆናል። በመጠን እኩል የሆኑ ሁለት አዋቂዎች አብረው ሲገቡ የበላይነቱን የሚለዩት በውጊያ ነው፤ አንድ ትልቅና አንድ ግልጽ ሆኖ የሚያንስ ሲመረጥ ግን ደረጃው ከመጀመሪያው የታወቀ ነው። ከተጣመሩ በኋላ ሦስተኛ መጨመር በትንሽ ገንዳ ውስጥ ሦስተኛውን ለሞት አሳልፎ መስጠት ነው።

አዲስ ዓሣ ከመንገድ እንደመጣ በቀጥታ ወደ ገንዳው መልቀቅም ሌላው ስህተት ነው። የውኃውን ሙቀትና የጨው መጠን፣ ማለትም 25 ዲግሪ ገደማና በሊትር 35 ግራም አካባቢ፣ ማመጣጠን በቂ የሚመስላቸው አሉ፤ ነገር ግን ነባሮቹ እንግዳውን ሳይደርሱበት የሚያዩበት ጊዜ ያስፈልጋል። በጋለ ሚስማር በደንብ የተበሳና ብርሃን የሚያሳልፍ የፕላስቲክ ዕቃ ገንዳው ውስጥ አንጠልጥሎ እንግዳውን ከሦስት እስከ ሰባት ቀን በውስጡ ማቆየት ይበቃል። ነባሮቹ ዕቃውን መግጨታቸውን ሲተዉ፣ ማታ መብራቱን አጥፍቶ መልቀቅ ነው። በዚያው ዕለት የድንጋዮቹን አቀማመጥ መለወጥ እኔ ከሞከርኳቸው ሁሉ የበለጠ ረድቶኛል፤ የክልል ወሰን ሲፈርስ ነባሩም እንደ እንግዳ ቦታ ፍለጋ ይገባል።

ስለ ድንጋይ ከተነሣ፣ ሁሉንም በአንድ ግድግዳ መደርደር አንዱ ዓሣ ጠቅላላውን ከአንድ ቦታ ሆኖ እንዲቆጣጠር ያደርገዋል። ሁለት ተራርቀው የቆሙ ክምሮች፣ በመካከላቸውም ዓይን የሚጋርድ ነገር ቢኖር ይሻላል፤ እያንዳንዱ ዋሻም ሁለት አፍ ሊኖረው ይገባል፤ አንድ አፍ ብቻ ያለው ዋሻ ለተሸናፊው ወጥመድ ይሆንበታል። ምግብንም በቀን አንድ ጊዜ በአንድ ጥግ ከማፍሰስ ይልቅ በጥቂት በጥቂቱ በሁለት ቦታ መስጠት ይሻላል።

በእኛ ከተማ ችላ የሚባለው ግን የአየሩ ነገር ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ ውኃ የሚይዘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ከሚይዘው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል፤ ጨዋማ ውኃ ደግሞ ጨው ከሌለው ውኃ ያነሰ ኦክስጅን ይይዛል። ቀኑን ሙሉ ሲሳደድ የዋለ ዓሣ ትንፋሹ ፈጣን ነው፤ መብራት ጠፍቶ ፓምፑ ሲቆም መጀመሪያ የሚሞተው እርሱ ነው። ጠብን ለማብረድ ዓሣ በብዛት መጨመር የሚለው የሰፊ ገንዳ ዘዴ ለዚህ አይበጅም፤ ያለውን አየር ያሻማል። በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ መያዝ፣ እርሱ ከሌለም ከገንዳው ውኃ በጆግ እየቀዱ ከፍ አድርጎ መልሶ ማፍሰስ ያስፈልጋል። ሌሊቱ ከቀዘቀዘ ላዩን ክፍት ትቶ ጎኖቹን በጋቢ መጠቅለል ሙቀቱን ያቆያል።

የመጨረሻው ስህተት “ይላመዳሉ” እያሉ መጠበቅ ነው። ክንፍን ዘርግቶ መፎከርና አጭር ማባረር የተለመደ ነው፤ የተቀደደ ክንፍ፣ በላይኛው ጥግ ተሸጉጦ መዋል፣ ሁለት ቀን ለምግብ አለመውጣት ግን የሞት ምልክቶች ናቸው። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ በዚያው ቀን ዓሣውን መለየት ይገባል። መውጣት ያለበት ግን አጥቂው ነው። ተጠቂውን ማውጣት ለአጥቂው ድሉን ያጸናለታል፤ ጥቃቱም ወደ ቀጣዩ ደካማ ይዞራል። ማጣሪያና ማሞቂያ ያለው 40 ሊትር ያህል መለዋወጫ ገንዳ ተዘጋጅቶ ቢቆይ፣ አጥቂው ለአንድ ወይም ለሁለት ሳምንት ወጥቶ ድንጋዮቹ ተለዋውጠው ሲመለስ እንግዳው እርሱ ይሆናል። የእኔው ዳምዝል ሁለት ጊዜ ወጥቶ ቢመለስም አልተለወጠም፤ በመጨረሻም 400 ሊትር ገንዳ ላለው አንድ የአዲስ አበባ ወዳጄ ላክሁት። አሁን እዚያ የአንዲት ድንጋይ ጥግ ይዞ ይጠብቃል፤ ሌሎቹም ርቀው ያልፉታል።