የጠመንጃ ስብስብዎን ይቀንሱ ወይስ ያቆዩት? እንዴት እንደሚወሰን

አሜሪካ ውስጥ ጠመንጃ ሲሰበስብ የኖረ ሰው አንድ ቀን ይህ ጥያቄ ይመጣበታል። አንዳንዱ ጡረታ ወጥቶ ከትልቅ ቤት ወደ ኮንዶ ሲገባ ነው። አንዳንዱ የልጅ ልጅ ቤት ውስጥ መሮጥ ሲጀምር። አንዳንዱ ደግሞ የጠመንጃ ማስቀመጫ ካዝናው ሞልቶ አዲስ የገዛው ቁም ሣጥን ውስጥ ማደር ሲጀምር። ቨርጂኒያ፣ ቴክሳስ፣ ኮሎራዶ የሚኖሩ ወገኖቻችንም ውስጥ ይህ ጉዳይ የሚመለከታቸው አሉ። እኛ ላይ ደግሞ አንድ ነገር ይጨመራል። ጠመንጃ የክብር ዕቃ ነው እየተባልን ስላደግን መሸጡ ያሳፍረናል። ስለዚህ ውሳኔውን ከዓመት ዓመት እናሳድረዋለን።

በቁጥር መወሰን አይቻልም። ሦስት ጠመንጃ ለአንዱ ይበዛል፣ ሃያ ለሌላው አይበዛም። እኔ የማምንበት መለኪያ አንድ ነው፦ ለእያንዳንዱ ጠመንጃ ዛሬ ኃላፊነቱን የሚወስድ፣ ነገ ደግሞ የሚረከብ ሰው አለ ወይ? ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ ወደዚህ ጥያቄ የሚያደርሱ ናቸው።

1. ጊዜው የውሳኔ ጊዜ መሆኑን ያረጋግጡ

ሐዘን ላይ ከሆኑ፣ ፍቺ ላይ ከሆኑ፣ ወይም ሥራ ከለቀቁ ገና ሳምንት ካልሞላዎት ስለ መሸጥ አይወስኑ። በእንዲህ ያለ ጊዜ የተሸጠ ነገር በኋላ ይቆጫል።

አንድ ነገር ግን ከዚህ ይለያል። ቤት ውስጥ ተስፋ የቆረጠ፣ ስለ ሞት የሚያወራ ሰው ካለ፣ እርስዎ ራስዎም ይሁኑ፣ የመሸጥና ያለመሸጡ ነገር ይቆይ። መሣሪያው ዛሬውኑ ከቤት ይውጣ። አሜሪካ ውስጥ በጠመንጃ ከሚሞቱት ሰዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ራሳቸውን ያጠፉ ናቸው። አንዳንድ የጦር መሣሪያ ሱቆችና ፖሊስ ጣቢያዎች መሣሪያን ለጊዜው ያስቀምጣሉ። አስቀድመው ይደውሉ፤ ሳይነጋገሩ ጠመንጃ ይዘው ጣቢያ አይግቡ። የሚያነጋግር ሰው ለማግኘት ደግሞ ወደ 988 መደወል ይቻላል፤ ሌት ተቀን ይሠራል።

2. ሁሉንም አውጥተው ይመዝግቡ

ልጆች ቤት የሌሉበትን ቀን ይምረጡ። ጥይት የሚባል ነገር በሙሉ ወደ ሌላ ክፍል ይሂድ። ከዚያ አንድ በአንድ ያውጡ።

ባዶ መሆኑን ማረጋገጥ የራሱ ቅደም ተከተል አለው። አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አቅጣጫ ይያዙ። ጣትዎ ከምላጩ ይራቅ። መጀመሪያ የጥይት ካርታውን ያውጡ፣ ቀጥሎ መቀባበያውን ወደ ኋላ ስበው ይክፈቱ። ካርታው ሳይወጣ ቢስቡት አንዱ ጥይት ይወጣል፣ ሲለቁት ሌላው ይጎርሳል። "ባዶ ነው" ተብሎ ለሚተኮሰው ጥይት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ከፈቱ በኋላ በዓይንዎ ብቻ ሳይሆን በትንሿ ጣትዎም የጥይት መጉረሻውን ይዳስሱ።

ከዚያ ይጻፉ። ፋብሪካው፣ ሞዴሉ፣ የጥይቱ ዓይነት፣ መለያ ቁጥሩ፣ ከማን መቼ በስንት እንደተገዛ። ደረሰኝ ካለ አብሮ ይቀመጥ። በሁለቱም ጎን ፎቶ ያንሱ፤ ጭረቱንና ጉድለቱንም ጭምር። የዝርዝሩ አንድ ቅጂ ካዝናው ውስጥ አይቀመጥ። ካዝናው ቢሰረቅ ዝርዝሩም አብሮ ይሄዳልና። መለያ ቁጥር ለሌለው የስርቆት አቤቱታ ፖሊስ ብዙ ሊያደርግ አይችልም።

እግረ መንገድዎን በስፖንጅ ሣጥን ውስጥ ያስቀመጧቸውን ይፈትሹ። ስፖንጁ እርጥበት ይይዛል። ሣጥኑ ሲከፈት የላይኛው ጎን ሊያብረቀርቅ ይችላል። ያንሱና ስፖንጁ ላይ ተኝቶ የነበረውን ጎን ይዩ። ብረቱ ላይ በርበሬ የተነሰነሰ የሚመስል ቀይ ነጠብጣብ ካገኙ ዝገት ጀምሯል። ዘይት ነክቶት የማያውቅ፣ ዓመት ሙሉ ያልተከፈተ ሣጥን ካለ ይህ ራሱ መልስ ነው። ለዚያኛው ጠመንጃ ጊዜ የለዎትም ማለት ነው።

3. እያንዳንዱን ይጠይቁት

ለመጨረሻ ጊዜ የተኮሱበት መቼ ነው? ያንኑ ሥራ የሚሠራ ሌላ አለ? ዛሬ ባይኖርዎት በገንዘብዎ መልሰው ይገዙታል? ለብዙዎቹ ጠመንጃዎች እነዚህ ሦስቱ ይበቃሉ። ለአጋዘን አደን ሦስት ተመሳሳይ ጠመንጃ ካለዎት በየዓመቱ ይዘውት የሚወጡት አንዱን ነው። ያንን እርስዎም ያውቁታል።

አራተኛው ጥያቄ ግን ይከብዳል፤ እኔ ከሁሉ የማስበልጠውም እሱን ነው። ማን ይረከበዋል?

ብዙ አባት "ለልጄ ነው የማስቀምጠው" ይላል። ልጁን ግን ጠይቆት አያውቅም። ልጁ ዲሲ መሃል አፓርታማ ውስጥ ይኖር ይሆናል። ሴት ልጅዎ ደግሞ ከወንድሟ በላይ ትወደው ይሆናል፤ ያልጠየቅናቸው ሴት ልጆች ብዙ ናቸው። ቁጭ አድርገው በግልጽ ይጠይቋቸው። "አልፈልግም አባዬ" ቢሉ አይቀየሙ። ያ መልስ ዛሬ ሲመጣ ይሻላል።

ባለቤትዎንም ያስቡ። የካዝናውን መክፈቻ ቁጥር ታውቃለች? ውስጡ ያለው የቱ 300 ዶላር፣ የቱ 3,000 ዶላር እንደሚያወጣ ታውቃለች? ካላወቀች በለቅሶው ሰሞን "እኔ ላውጣልሽ" ብሎ የሚመጣ አይጠፋም። ዕቃው በርካሽ ይሄዳል። ከዚያ የሚብሰው ደግሞ ሕጉን ሳታውቅ ለማይገባው ሰው ማስተላለፏ ነው። ዛሬ አሥሩን ወደ አራት ቢያወርዱ ከዚህ ሁሉ ያድኗታል።

4. የታሪክ ጠመንጃዎችን ለብቻ ያስቀምጡ

እዚህ ላይ ረጋ ይበሉ። አሜሪካ ውስጥ ያሉ ሰብሳቢዎች ባለፉት ዓመታት ከኢትዮጵያ መጋዘን የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎችን ሲገዙ ቆይተዋል። ከ2010ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ አንድ አስመጪ ድርጅት በብዛት አስገብቶ ሸጧቸዋል። ጣልያን ጥሎት የሄደው ካርካኖ፣ የእንግሊዝ ሊ ኤንፊልድ፣ ቤልጅግ ሁሉ አለበት። ከጣልያን ወረራ በፊት በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት ከተገዙት ማውዘሮች መካከል የሞዐ አንበሳ ምልክት የተቀረጸባቸውም ይገኛሉ። ሰደፋቸው የተሰነጠቀ፣ በሽቦና በቆዳ የተጠገነ፣ ስም የተቀረጸበት ብዙ ነው። ያ ጥገና የአንድ አርበኛ ወይም የአንድ ገበሬ እጅ ነው። እንደ እኔ እንደ እኔ ይህ ዓይነቱ ጠመንጃ መጨረሻ የሚሸጥ ነው። መሸጥ ግድ ከሆነም ታሪኩን ለሚያውቅ ሰብሳቢ ይሁን።

ከመሸጥዎ በፊት "ላሳምረው" ብለው አይነካኩት። ሰደፉን በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ፣ ብረቱን እንደገና ማጥቆር ለሰብሳቢ ዋጋውን ይገድለዋል። በዘይት የረጠበ ጨርቅ ይበቃዋል።

በፌዴራል ሕግ በ1898 ወይም ከዚያ በፊት የተሠራ ጠመንጃ እንደ ጥንታዊ ዕቃ ስለሚታይ አብዛኛው የጦር መሣሪያ ሕግ አይመለከተውም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራው የፈረንሳዩ ውጅግራ ከዚህ ይመደባል። 50 ዓመት የሞላው ደግሞ ለሰብሳቢዎች የተለየ ፈቃድ ያለው ክፍል ነው። የየስቴቱ ሕግ ግን ከዚህ ሊጠብቅ ይችላል።

5. ዋጋውን ይወቁ

ኢንተርኔት ላይ ሰው የጠየቀውን ዋጋ አይመልከቱ። የተሸጠበትን ይመልከቱ። እንደ ጋንብሮከር ባሉ የጨረታ ገጾች ላይ ያለቁ ጨረታዎችን መፈለግ ይቻላል። ሱቅ ወስደው ቢሸጡ ቶሎ ያልቃል፣ ነጋዴው ግን አትርፎ የሚሸጠው ስለሆነ ዝቅ አድርጎ ነው የሚገዛዎት። በኮሚሽን እንዲሸጥልዎት ቢሰጡት የተሻለ ያገኛሉ፣ ጊዜ ግን ይወስዳል። ኮሚሽኑን አስቀድመው በጽሑፍ ይስማሙ።

የቤት ኢንሹራንስዎንም ያውጡና ያንብቡ። ብዙ ውሎች ለተሰረቀ የጦር መሣሪያ የሚከፍሉት ጣሪያ አላቸው፤ 2,500 ዶላር የተለመደ ነው። ስብስብዎ ከዚያ በላይ ካወጣ ወይ ተጨማሪ ሽፋን ይገዛሉ፣ ወይ ይቀንሳሉ።

6. ከእጅዎ ከመውጣቱ በፊት ሕጉን ይዩ

ለሌላ ስቴት ነዋሪ መሸጥም ሆነ መስጠት የሚቻለው ፈቃድ ባለው ነጋዴ በኩል ነው። ወንድምዎ ቢሆንም ያው ነው። በኑዛዜ ወይም በውርስ የሚተላለፍ ግን በፌዴራል ሕግ ከዚህ የተለየ ነው። በዚያው ስቴት ውስጥ ሲሆን ደግሞ እንደየስቴቱ ነው። ቨርጂኒያ በሐምሌ 2020 (እ.ኤ.አ.) በግለሰቦች መካከል ለሚደረግ ሽያጭም የጀርባ ምርመራ (የገዢውን የወንጀል ታሪክ ማጣራት) መጠየቅ ጀምራ ነበር፤ አሁን ያለበትን ያጣሩ። ሜሪላንድ ከጥቅምት 2021 ጀምሮ ረጅም ጠመንጃዎችንም በነጋዴ በኩል አድርጋለች። ቴክሳስ እንዲህ ያለ ግዴታ የላትም። እኔ ግን ሕጉ ባያስገድድዎትም በነጋዴ በኩል ያድርጉት እላለሁ። የሚከፍሉት ትንሽ ገንዘብ የእንቅልፍ ዋጋ ነው።

የእኛን ሰው በተለይ የሚመለከት አለ። በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያለ ሰው፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ መሣሪያ መያዝ አይችልም። ወረቀት የሌለውም እንደዚያው። ግሪን ካርድ ያለው በፌዴራል ሕግ ይችላል። ስለዚህ አዲስ ለመጣ የአክስት ልጅ "ውሰድ፣ ያንተ ይሁን" ማለት ሁለታችሁንም ወንጀል ውስጥ ሊያስገባ ይችላል። ሳይለንሰር (የተኩስ ድምፅ ማፈኛ) እና አጭር አፈሙዝ ያላቸው ጠመንጃዎች ደግሞ የፌዴራሉ መሥሪያ ቤት ኤቲኤፍ ሳያጸድቅ ከእጅ ወደ እጅ አይሄዱም። ወደ አገር ቤት እልከዋለሁ የሚለውን ሐሳብ ይተዉት።

7. በሦስት ይክፈሉና ይጀምሩ

የሚቀር፣ የሚሄድ፣ ያልተወሰነ። ያልተወሰነው ላይ የዛሬ ዓመት ቀኑን ጽፈው ይለጥፉበት። እስከዚያ ካልነኩት ወደሚሄደው ይለፍ። ከሚሄዱት ደግሞ በጣም የማያሳሳዎትን አንዱን መጀመሪያ ይሽጡ። ሂደቱን ይለምዱታል፣ ስሜትዎንም ያዩታል።

ማንም እጅ እንዳይገባ እንዲጠፋ የሚፈልጉት ካለ ለፖሊስ ማስረከብ ይቻላል። ሲያስረክቡ ሙሉው ጠመንጃ ይጠፋ እንደሆነ ይጠይቁ። በሕግ ጠመንጃ የሚባለው መለያ ቁጥር ያለበት አካል ስለሆነ፣ አንዳንድ ቦታ እሱ ብቻ ተቆርጦ የቀረው ክፍል መለዋወጫ ሆኖ ይሸጣል።

ለእያንዳንዱ የወጣ መሣሪያ መለያ ቁጥር፣ ቀን፣ የተቀባዩ ስምና ፊርማ ያለበት ወረቀት ያስቀሩ። አይጣሉት። ጠመንጃው ከዓመታት በኋላ ወንጀል ላይ ቢገኝ ፍለጋው ከፋብሪካው ወደ ሱቁ፣ ከሱቁ ወደ መጀመሪያው ገዢ ነው የሚሄደው። መጀመሪያ የገዙት እርስዎ ከሆኑ የሚንኳኳው የእርስዎ በር ነው። ያኔ ወረቀቱ ከዝርዝሩ ጋር አንድ ላይ መኖሩን፣ የት እንደተቀመጠም ባለቤትዎ ማወቋን ያረጋግጡ።