የማርያ ትሬዛ ጠገራ ብር ዋጋ እንዴት ይታወቃል?

ከአያቱ የተወረሰ ጠገራ ብር በእጁ ያለ ሰው መጀመሪያ የሚያየው 1780 የሚለውን ቁጥር ነው፤ ያንንም አይቶ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የኖረ ብርቅ ገንዘብ እንዳገኘ ያምናል። ይሁን እንጂ ይህ ቁጥር ብሩ የታተመበትን ዘመን አያመለክትም። የኦስትሪያ ገዥ የነበሩት ንግሥት ማርያ ትሬዛ እ.ኤ.አ. በ1780 ከሞቱ በኋላ፣ በቀይ ባሕር ዙሪያና በኢትዮጵያ ያሉ ነጋዴዎች የለመዱትን መልክ ስለሚመርጡ፣ ብሩ ዓመተ ምሕረቱ ሳይለወጥ በቪየና፣ በፕራግ፣ በሚላንና በቬኒስ፣ በኋላም በሮም፣ በለንደን፣ በፓሪስ፣ በብራስልስ፣ በበርሚንግሃምና በቦምቤይ ሲታተም ኖሯል። ስለዚህ ዋጋውን ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ከቁጥሩ ይልቅ ብረቱን፣ የተጠበቀበትን ሁኔታና የታተመበትን ቦታ መመርመር ይኖርበታል።

ከሁሉ በፊት ብሩን አያጽዱት። በአመድ፣ በሎሚ ወይም በጥርስ ሳሙና ተፈትጎ ያበራ ጠገራ ለባለቤቱ ያማረ ቢመስለውም፣ ሰብሳቢዎች የሚፈልጉት በዘመን ብዛት በላዩ የተኛውን ጥቁረትና ያልተፋቀውን ገጽ ነው፤ አንዴ የተፈተገ ገጽ ደግሞ ዳግመኛ አይመለስም። ብዙ መልካም ጠገራዎች በዚህ መንገድ ተራ ብር ሆነው መቅረታቸው በእውነት ያሳዝናል። ሲይዙትም ፊቱን ሳይነኩ ጠርዙን ብቻ በጣትዎ ይያዙ።

ቀጥሎ እውነተኛነቱን ያረጋግጡ። ትክክለኛ ጠገራ 28.07 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ ስፋቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ 40 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ ብዙ እጅ የዞረው በመፋቅ ጥቂት ሊቀል ይችላል። በጠርዙ ዙሪያ «በፍትሕና በምሕረት» የሚል ትርጉም ያለው የላቲን ጽሑፍ ጎላ ብሎ ይታያል፤ ጠርዙ ልሙጥ ከሆነ መጠራጠር ይገባል። ማግኔት ሊስበው አይገባም፣ ነገር ግን ናስም በማግኔት ስለማይሳብ ይህ ብቻውን አይበቃም። የተሻለው መንገድ የውሃ ሚዛን ነው። በወርቅ ቤት ሚዛን ላይ ውሃ ያለበት ብርጭቆ አስቀምጠው ሚዛኑን ወደ ዜሮ ይመልሱ፤ ከዚያም ጠገራውን በቀጭን ክር አንጠልጥለው የብርጭቆውን ታችና ጎን ሳያስነኩ ሙሉ በሙሉ ውሃው ውስጥ ያጥልቁት። ሚዛኑ 2.75 ግራም አካባቢ ካሳየ ብረቱ ከእውነተኛው ጋር ይስማማል፤ ያው ክብደት ያለው የናስ አስመሳይ ግን ወደ 3.3 ይጠጋል።

ጠገራው እውነተኛ ከሆነ ከዚያ በታች የማይወርድበትን ዋጋ ማስላት ቀላል ነው። ከስድስት እጅ አምስቱ ንጹሕ ብር፣ የቀረው በአብዛኛው መዳብ ስለሆነ በውስጡ 23.39 ግራም ንጹሕ ብር አለ፤ ይህም የዓለም ገበያ ብር ከሚሸጥበት ኦውንስ (31.1 ግራም) ሦስት አራተኛ ያህል ነው። የዕለቱን የአንድ ኦውንስ ንጹሕ ብር ዋጋ በ0.75 ማባዛት ይበቃል። ብር ሠሪ አቅልጦ ለጌጥ የሚያውለው በመሆኑ ከዚህ አሳንሶ መስጠቱ የተለመደ ነው፤ ሻጩ ግን ሒሳቡን ቀድሞ ሠርቶ ቢሄድ ይጠቀማል።

ከብሩ በላይ የሚገኘው ዋጋ በዝርዝሩ ላይ ይመሠረታል። የተበሳ ወይም ለአንገት ጌጥ ማንጠልጠያ የተበየደበት ጠገራ ለሰብሳቢ ዋጋው በእጅጉ ይቀንሳል። ማተሚያ ቤቶቹ የሚለዩት በንግሥቲቱ ራስና ትከሻ ላይ ባሉት የሉል ፍሬዎች፣ በንስሩ የጅራት ላባዎችና በጠርዙ ጌጥ ጥቃቅን ልዩነት ነው፤ ስለዚህ ሁለቱንም ፊትና ጠርዙን በጥሩ ብርሃን ፎቶግራፍ አንሥተው ከታወቁ ናሙናዎች ጋር ያስተያዩ። የሮሙ ኅትመት ለእኛ የተለየ ታሪክ አለው፤ ጣሊያን አገራችንን ለመውረር ስትሰናዳ እ.ኤ.አ. በ1935 ማተሚያውን ወስዳ ያሳተመችው ነው። ከ1780 በፊት ያለ ዓመት የተጻፈበት ከሆነ ግን ዓመቱ እውነተኛ ሊሆን ስለሚችል ለባለሙያ ሳያሳዩ አይሽጡት። ጣሊያን ለኤርትራ ንግድ ያሳተመችውና 1918 የሚለው ቁጥር ያለበት ተመሳሳይ ብርም ከተለመደው ጠገራ የበለጠ ብርቅ ነው።

የገበያውን ዋጋ ሲያጣሩ ሻጮች የሚጠይቁትን ሳይሆን በጨረታ ገጾች ላይ በእርግጥ የተሸጡትን፣ በሁኔታም ከእርስዎ ጋር የሚመሳሰሉትን ይመልከቱ፤ የሚጠየቀው ዋጋ ብዙ ጊዜ ምኞት ብቻ ነው። ወደ ውጭ አገር ልከው ለመሸጥ ካሰቡ ደግሞ፣ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ስለሚከለክል፣ አስቀድመው የቅርስ ባለሥልጣንን ይጠይቁ።