ከቤት ሆነው ሲሠሩ አኛኪ ቡችላን በሳጥን ማቆየት

ቡችላዎ በስብሰባ መሃል የኮምፒውተሩን ገመድ ሲያኝክ ቢያገኙት ቁጣ ብዙም አይጠቅምም፤ ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ዕድሜው የወተት ጥርሱ ረግፎ ቋሚው ስለሚበቅል፣ ድዱ እያሳከከው ያገኘውን ሁሉ መንከሱ አይቀርም።

ስለዚህ እርስዎ ሲሠሩ በር ባለው የሽቦ ሳጥን ውስጥ ያቆዩት። ሳጥኑ ቡችላው ለመቆም፣ ለመዞርና ተዘርግቶ ለመተኛት የሚበቃው ብቻ ይሁን፤ ከዚህ ከሰፋ አንዱን ጥግ መጸዳጃ ያደርገዋል። በሩን ሳይዘጉ ምግቡን በውስጡ እየሰጡ ለጥቂት ቀናት ካለማመዱት በኋላ፣ አጠገቡ ተቀምጠው እየሠሩ መጀመሪያ ለ5 ደቂቃ ይዝጉበት፣ ከዚያም ጊዜውን ቀስ በቀስ ያራዝሙ። በእኔ አስተያየት ሳጥኑ ሌላ ክፍል ከሚሆን ከሥራ ጠረጴዛው ጎን ቢሆን ይሻላል፤ የጣትዎን ኮቴ በኪቦርዱ ላይ እየሰማ እንቅልፍ ይወስደዋል። የአንገት ማሰሪያው ከሽቦው ጋር ተጠላልፎ ሊያንቀው ስለሚችል አስቀድመው ያውልቁለት።

የሚያኝከው ነገር ሳይሰጡት አይዝጉበት፤ ምግብ ተሞልቶበት በማቀዝቀዣ የቆየ ጠንካራ የጎማ መጫወቻ ድዱን ያበርድለታል። ጨርቅ የሚቦጭቅ ከሆነ ግን በሳጥኑ ውስጥ ያነጠፉለትን ምንጣፍ ያውጡት።

ባላዘነ ቁጥር መክፈት ማላዘንን ማስተማር ስለሆነ፣ ለአፍታ ዝም ሲል ይክፈቱለት። የ3 ወር ቡችላ ሽንቱን ከ3 ሰዓት በላይ ይይዛል ተብሎ ስለማይጠበቅ፣ ከረጅም ስብሰባ በፊት ወደ ውጭ ያውጡት።