ባዶ ባይት የለም፦ የካርትሪጅ ሄደር ስታሰፉ የምትሠሯቸው ስህተቶች

ኢሙሌተር (የድሮ ጌም ማሽንን ኮምፒውተር ላይ የሚያስመስል ፕሮግራም) መጻፍ የጀመረ ሰው ሁሉ አንድ ቀን «ይቺን ሄደር ትንሽ ላስፋት» ማለቱ አይቀርም። እኔም ብያለሁ። ሄደር ማለት ፋይሉ መጀመሪያ ላይ ተቀምጦ ቀሪው ምን እንደሆነ የሚናገር አጭር መረጃ ነው። የማወራው ኔንቴንዶ ኔስ ስለሚባለው የጌም ማሽን ነው። እውነተኛው ካርትሪጅ እንዲህ ያለ ሄደር አያስፈልገውም። ሰርኪዩቱ ምን እንደሆነ ለማንም ማስረዳት አያስፈልገውም። ሄደር የመጣው ካርትሪጁ ፋይል ሲሆን ነው፤ በብዛት የምናየው ባለ 16 ባይቱ የአይኔስ ሄደር ነው።

የሚያናድደኝን ላስቀድም። «እነዚህ ባይቶች ባዶ ናቸው፣ እንጠቀምባቸው» የሚል ሰው። ማን ነው ባዶ ናቸው ያላችሁ? የአይኔስ የመጨረሻዎቹ ባይቶች ዜሮ መሆን ነበረባቸው። አንድ የድሮ ፕሮግራም ግን ከባይት 7 እስከ 15 «ዲስክዱድ!» (DiskDude!) የሚል ፊርማ ጽፎባቸው ሄደ። በእንግሊዝኛ ፊደል ዘጠኝ ባይት፣ ልክክ ብሎ። ኋላ ባይት 7 የማፐር ቁጥሩን (ካርትሪጁ ውስጥ ያለው ሰርኪዩት የትኛው ዓይነት እንደሆነ የሚናገረውን ቁጥር) የላይኛውን ግማሽ እንዲይዝ ተደረገ። የ«ዲ» (D) ፊደል ዋጋ በሄክስ፣ ማለትም በ16 መሠረት አቆጣጠር፣ 44 ነው፤ የላይኛው 4 ሲነበብ ቁጥሩ ላይ 64 ይጨምራል። በዚህ የተነሳ ማፐር 4 የነበረው ጌም 68 ሆኖ ይመጣል። እኔ ሁለት ሌሊት የፕሮሰሰር ኮዴን ስበረብር አደርኩ። ስህተቱ እዚያ የለም። ፋይሉን በሄክስ ኤዲተር ስከፍተው ፊርማው ቁልጭ ብሎ ተቀምጧል!

እ.ኤ.አ. በ2006 የመጣው የአይኔስ ተከታይ ቅርጽ፣ ኔስ 2.0፣ ይህን አስቦበታል። አዲሱ ቅርጽ የሚታወቀው ባይት 7 ላይ ቢት 3 በርቶ (1 ሆኖ) ቢት 2 ሲጠፋ (0 ሲሆን) ነው። የ«ዲ» ፊደል ተቃራኒው ነው፤ ቢት 2 በርቶ ቢት 3 ጠፍቷል። ስለዚህ ፊርማ ያለበት ፋይል አዲስ መስሎ ሾልኮ አያልፍም። መለያ ስትመርጡ መጀመሪያ ሰው እጅ ላይ ያሉትን የተበላሹ ፋይሎች እዩ።

የጌሙን ስምና የወጣበትን ዓመት ሄደር ውስጥ አትክተቱ። ሄደር ካታሎግ አይደለም።

ለሁለት ዓይነት ቺፕ አንድ ቁጥር መስጠትም ጣጣ ነው። ስታርትሮፒክስ የተባለው ጌም የሚሠራበት ኤምኤምሲ6 የሚባል ቺፕ ራሱ ውስጥ 1 ኪሎባይት ራም አለው። ኤምኤምሲ3 የሚባለው ቺፕ ይህ የለውም። በአይኔስ ግን ሁለቱም ማፐር 4 ናቸው። ኔስ 2.0 ንዑስ ማፐር የሚባለውን ተጨማሪ ቁጥር ያመጣው እንዲህ ላለው ነገር ነው።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናዘዝ። በሠራሁት ሄደር የሴቭ ራም (ጨዋታው ሴቭ የሚደረግበት ራም) መጠን 0 ሲሆን «የለም» ማለት ይሁን «አይታወቅም» ማለት አልወሰንኩም ነበር። ጌሙን የሚጭነው ክፍል «አይታወቅም» ብሎ 8 ኪሎባይት ይሰጣል። ሴቭ የሚያደርገው ክፍል «የለም» ብሎ ምንም አይጽፍም። የታናሽ ወንድሜ የሁለት ሳምንት ጨዋታ እንዲሁ ቀረ። እስካሁን ያነሳብኛል። ኔስ 2.0 ባትሪ ያለውንና የሌለውን ራም ለየብቻ ይጽፋል፤ 0 ማለትም የለም ማለት ነው፣ አለቀ።

ቼክሰም (ጌሙን ለመለየት ከይዘቱ የሚሰላ ቁጥር) ስታሰሉ ደግሞ ሄደሩን አትጨምሩ። ያለዚያ አንድ ቢት ባስተካከላችሁ ቁጥር ያው ጌም ሌላ ጌም ይሆንባችኋል። ከባይት 16 ጀምሩ፤ ትሬይነር (ከጌሙ ፊት የሚቀመጥ ተጨማሪ ኮድ) ካለው 512 ባይት ዝለሉ።